የዶሮ እርባታ ክበብ ዘገባ፦ የገብስማዋ ዐይን

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ክበባችን «የዶሮ ወጥ ክበብ» አይደለም። በመምህራን ማረፊያ የሚቀለደውን እሰማለሁ። ዓመቱን ሙሉ ያረድናት አንዲት ዶሮ የለችም፤ ለፋሲካም፣ ለዒድም።

መስከረም ላይ 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ስብሰባ ተደረገ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጠ፣ የጽዳት ተራ ወጣ። ኅዳር ላይ 19 ቀሩ። ኩስ መጥረግ እንዳለበት የገባቸው ልጆች ወደ ሚኒ ሚዲያ ሄዱ። አልፈርድባቸውም። እዚያ ማይክራፎን አለ።

ዶሮዎቹ 14 ነበሩ። ቤታቸውን ታውቁታላችሁ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። የደሴን ብርድ ደግሞ ለእናንተ አልነግርም። ጥቅምት ገብቶ ነፋሱ ከጦሳ ተራራ መውረድ ሲጀምር ልጆቹ ለዶሮዎቹ አዘኑ። መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጥርቅም አድርገው ዘጉት። እኔም «ጎበዞች!» አልኩ። ይህቺን ቃል አሁን ባልጻፍኳት ደስ ይለኝ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ገብስማዋ አንድ ዐይኗን ጨፍና ጥግ ያዘች። በሦስተኛው ቀን ወሰራዋ ተከተለቻት። ሳምንት ሳይሞላ አምስት ሆኑ። ዐይናቸው ያነባል፣ ቆቡ አብጧል፣ ፊታቸውን በክንፋቸው ያሻሉ፣ ብርሃን ይሸሻሉ። ምክር ከየአቅጣጫው ዘነበ። አንዱ ቅቤ ቀቧቸው አለ። ሌላው ፈንግል ነው፣ ሳይሞቱ እረዷቸው አለ (ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ወጥ ይወዳል)። እኛ ከቤት የመጣ የሰው ቴትራሳይክሊን ቅባት ቀባን። ሁለት ቀን ሻል አላቸው። ከዚያ ያው ሆነ። ለሰው ዐይን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለልን። በዶሮ ዐይን ወዴት ይኬዳል?

ደብተር አወጣንና ያየነውን ጻፍን። ፈንግል እንዳንል የሚያቃስት፣ አንገቱ የሚጠማዘዝ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጠው የለም፤ በአንዴም አላለቁብንም። ኮራይዛ (የዶሮ ጉንፋን የሚሉት) እንዳንል ፊታቸው አላበጠም፣ ከአፍንጫቸው የሚሸት ፈሳሽ አይወጣም። ፈንጣጣ እንዳንል እከክ የለም። ታዲያ ምንድን ነው? የባዮሎጂ መምህሩ እኔ ነኝ፤ አላወቅሁም።

አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ አለች። ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትለው በሹክሹክታ ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ከሰልፍ በፊት፣ ወደ ዶሮ ቤቱ ጎራ አልኩ። ልጅቷ ጉዝጓዙ ላይ በደረቷ ተኝታለች። የዩኒፎርሙን ነገር አትጠይቁኝ። ጭንቅላቷ ከገብስማዋ ጭንቅላት እኩል ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቲቸር፣ እርስዎ ሁሌ ቆመው ነው የሚያዩት» አለችኝ። ዐይኗ ቀልቶ እንባዋ ይወርዳል። «እዚህ ታች ይለበልባል።»

ተንበረከክሁ። እውነቷን ነው። ቆሜ ስገባ ትንሽ የሚከረፋኝ ሽታ ታች ዐይን ያቃጥላል። የረጠበ ኩስ ውስጥ ባክቴሪያው ሥራውን ሲሠራ አሞኒያ ይወጣል። መስኮቱ ደግሞ በእኛው እጅ ተደፍኗል። ዶሮዎቹ ቀን ከሌት የሚተነፍሱት ያንን ነበር። በዶሮ ቤት ውስጥ አሞኒያ ከ25 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 25ቱ) እንዳይበልጥ ይመከራል። መለኪያ የለንም። መለኪያችን የልጅቷ ዐይን ሆነ። እጅና ፊቷን በሳሙና አስታጥቤ ወደ ሰልፍ ሰደድኳት። እኔ ግን ለተወሰነ ጊዜ እዚያው ቆየሁ።

የዚያኑ ቀን ከረጢቱ ተቀደደ። ጉዝጓዙ በሙሉ ወጥቶ ደረቅ የስንዴ ገለባ ገባ። ውኃ መጠጫው እንዳይደፋ ድንጋይ ላይ ወጣ። አመድ ነስንሱበት ያሉንም ነበሩ፤ የኬሚስትሪ መምህራችን ግን እርጥብ ኩስ ላይ አመድ ሲነሰነስ አሞኒያው ይብስበታል ብለው አስጣሉን። የታመሙትን ለየን። በግማሽ ሊትር የፈላ ውኃ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ፣ ለብ ሲል፣ ጠዋትና ማታ ዐይናቸውን አጠብን። ለእያንዳንዱ ዐይን አዲስ ጥጥ። የቫይታሚን ኤ እጥረትም የዶሮን ዐይን ስለሚጎዳ ጎመንና የካሮት ቅጠል ከየቤቱ መጣ።

በ10 ቀን ውስጥ ሦስቱ ዐይናቸውን ገለጡ። አንዷ ሞተች። የገብስማዋ ግራ ዐይን ነጭ ሆኖ ቀረ።

ሚያዝያ ላይ የልጅቷ አያት ዘንድ ሐይቅ ሄድን። የእሳቸውም ዶሮዎች ዐይን ይዟቸዋል። ከእኛ አንዱ ገና ከበር «መስኮት ይከፈት!» አለ። ልጅቷ ቀረብ ብላ አየችና በኩክኔያቸውና በዐይናቸው ዙሪያ ያለውን እከክ አሳየችን። ፈንጣጣ ነው። አያቷ በጥፍራቸው ሊልጡት ሲሉ «እማዬ፣ ተይው! ቫይረሱ ያለው እከኩ ውስጥ ነው» አለች፤ በሹክሹክታ አይደለም። የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው፣ ትንኝ እንደሚያዛምተው፣ ጤነኞቹን ግን በክትባት መጠበቅ እንደሚቻል አስረዳች። ጓሮ የተኛውን ውኃ ልጆቹ ደፉት። እሜቴም ቡናውን እየቀዱ «ለካ ዩኒፎርሟን እንዲያ አበላሽታ የምትመጣው ለዚህ ኖሯል» አሉኝ። ምን እላለሁ? ሁለተኛውን ስኒ ጠጣሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የፈንጣጣ ክትባቱ ጠርሙስ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ ተብሎ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ለእኛ ብቻ መክፈት ኪሳራ ነው። ዶሮ ያላችሁ ወላጆች በክበቡ መዝገብ ተመዝገቡ፤ በአንድ ቀን እናስከትብ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሽቦ ነው። መስኮቱን ለአየር ስንከፍት የምንጋርድበት ወንፊት ሽቦ አልነበረንም። የካቲት ላይ ሽለምጥማጥ በዚያው ገብቶ ሁለት ወሰደብን። ብንዘጋው ዐይናቸው ይጠፋል፣ ብንከፍተው ይበላሉ። የጠየቅነው 6 ሜትር ሽቦ ነው። ደብዳቤው ከሚያዝያ ጀምሮ ቢሮ አለ። ዘበኛችን ጋሼ በየማታው እየመጡ መስኮቱን በአሮጌ ዴስክ ይጋርዱልናል፤ «አብሽሩ» ይሉናል። ዴስኩ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚሸፍነው። የቀሩት 11 ናቸው። ገብስማዋ እንቁላል መጣል ጀምራለች፤ የምታድረው በማታይበት ዐይኗ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር ነው።