ደብዳቤ ለልጄ፦ ለእንቁጣጣሽ ስለምትልኪው ኢሜይል

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 20

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለበዓሉ ለደንበኞችሽ ያዘጋጀሽውን የኢሜይል ረቂቅ ደጋግሜ አነበብኩት። ዕቃሽ ጥሩ ነው፤ ጽሑፉ ግን ዕቃውን አይመጥንም። ጋቢው፣ ነጠላው፣ የዘጌ ቡናው፣ ከደንገል የተሠራችው ትንሿ ታንኳ፣ ቅናሹ፣ የቴሌግራም ቻናልሽ፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ታጭቋል። የከፈተው ሰው ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ ሳይገባው ይዘጋዋል። በስልክ የተነገረ ስለሚረሳ በጽሑፍ ላስረዳሽ።

አንድ ኢሜይል አንድ ጉዳይ ብቻ ይዞ ይሂድ፤ ያንንም በቁጥርና በቀን ይናገር። ይህኛው ስለ ጋቢ ከሆነ ስለ ጋቢ ብቻ ይሁን። ቡናው ሌላ ቀን አለው።

ርዕሱን «ታላቅ የበዓል ቅናሽ!!!» ብለሽዋል። በዚህ ሰሞን እንዲህ የማይል ሱቅ የለም። ስንት እንደተቀነሰ፣ በምን ላይ፣ እስከ መቼ፣ አንዱንም አይናገርም። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል ስልክ ላይ ርዕሱ ቶሎ ይቆረጣል፤ ዋናውን ነገር በመጀመሪያዎቹ 25 ፊደላት ጨርሺው። «የባሕር ዳር ጋቢ እስከ ነሐሴ 20» ይበቃል። ከርዕሱ ሥር ደብዘዝ ብላ የምትታየውን መስመርም አትርሺ። ባዶ ከተውሻት ከኢሜይሉ አናት የተገኘው ሁሉ ይገባባታል፤ ብዙ ጊዜም «በትክክል ካልታየዎት እዚህ ይጫኑ» የምትለዋ ናት። እዚያ ላይ ርዕሱ ያልያዘውን ጻፊ፤ ዋጋውንና የማድረሻ ክፍያውን። የላኪው ስም ሁልጊዜ የሱቅሽ ስም ይሁን፤ አድራሻውም መልስ የሚቀበል። መልሶ የሚጽፍልሽ ሰው ለመግዛት የቀረበ ሰው ነው።

በዓል ነውና እንኳን አደረሰዎ ማለት ያምርብናል፤ አትተዪው። ግን አንድ መስመር ይብቃው። ቀጥሎ ያለው ቦታ የጋቢው ነው፤ ረቂቅሽ የደከመውም እዚህ ላይ ነው። «እጅግ ውብና ጥራቱን የጠበቀ» ማለት ለገዢው ምንም አይነግረውም። አራት እጥፍ መሆኑን፣ ርዝመቱንና ስፋቱን በሜትር፣ ክብደቱን በኪሎ ጻፊ። ክብደቱ ውጭ አገር ላለው ሰው የመላኪያውን ዋጋ ይወስናል። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ እንደዚያው በግልጽ ይጻፍ። ጉዳዩን የሚያውቅ ገዢ መጠየቁ አይቀርም፤ ሁሉም የእጅ ፈትል ነው ብለሽ ድሩ የፋብሪካ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሁለተኛ አይገዛሽም። የጥለቱን ቀለም፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ስንት እንደቀረሽም ጨምሪ። አምስት ከቀረ አምስት በዪ። ሃምሳ እያለሽ «ጥቂት ቀርቶናል» ማለት ግን ውሸት ነው፣ አይደረግም።

ፎቶ ሁለት ይበቃሻል። አንዱ ጥለቱን ከቅርብ፣ አንዱ ሰው ለብሶት መጠኑ እንዲታወቅ። በቀን ብርሃን አንሺው፤ በአምፖል ብርሃን ነጩ ቢጫ ይሆናል፣ ዕቃው ሲደርስም «ፎቶው ላይ ያለው ይህ አይደለም» ይመጣል። ስፋቱ 600 ፒክስል፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎባይት በታች ይሁን፤ በሞባይል ዳታ የሚከፍት ሰው ብዙ ነው። ጽሑፉን ግን ፎቶ ውስጥ አትክተቺ። ፎቶ ሳይፈቀድለት የማያሳይ የኢሜይል ፕሮግራም አለ፤ ዋጋሽ ፎቶው ውስጥ ከሆነ ለዚያ ሰው የደረሰው ባዶ ገጽ ነው። ፎቶው ሳይታይ ሲቀር በቦታው የሚነበበውን አጭር መግለጫም ሙዪው።

ሌላ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ጂሜይል ፎቶዎቹ ሳይቆጠሩ ጽሑፉና ኮዱ ብቻ ከ102 ኪሎባይት የሚበልጥ ኢሜይል ሲደርሰው ጽሑፉን ከታች ይቆርጠዋል። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ አንድ ብቻ ነው። ከወርድ ገልብጠሽ ከለጠፍሽ ደግሞ የማይታይ የቅርጽ ኮድ አብሮ ይገባና ክብደቱ ያሻቅባል። ተቆርጦ የሚቀረው ከታች ያለው «ከዝርዝሩ ለመውጣት» የሚለው ሊንክ ነው። እሱን ያጣ ሰው ስፓም (የማይፈለግ ኢሜይል) የሚለውን ይጫናል፤ ይህ ደግሞ ሌሎቹን ኢሜይሎችሽንም ይጎዳል። ስለዚህ ጽሑፉን መጀመሪያ በኖትፓድ ለጥፊና ከዚያ ገልብጪ። የፊደሉን ቅርጽም ለተቀባዩ ስልክ ተዪለት፤ የመረጥሽው እሱ ዘንድ ላይኖር ይችላል።

የሚጫኑት ቁልፍ አንድ ይሁን፤ «ጋቢውን ይዘዙ» ይበል፤ በአውራ ጣት ለመንካት እንዲመች ቁመቱ ከ44 ፒክስል አይነስ። የሚወስደውም ወደ ሱቁ መግቢያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋቢው ገጽ ነው።

አነጋገርሽንም አስተካክዪ። ረቂቁ ላይ አንድ ቦታ «ግዛ»፣ ሌላ ቦታ «ይግዙ»፣ ታች ደግሞ «ላኩልን» ትያለሽ። ወንድም ሴትም፣ ሽማግሌም ወጣትም ያነበዋልና ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ይሁን። ደንበኛ የሚመዘገብበት ቅጽ ላይ የስም ሳጥኑን ሁለት አድርገሽዋል። የውጭ ፕሮግራሞች ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም ስለሚያደርጉት ሰላምታው ለአባትየው ይሆናል። አንድ የስም ሳጥን ብቻ አስቀሪ፤ ስሙን ላልሞላ ሰው ደግሞ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ እንዲጀምር አዘጋጂው፤ አለዚያ «ሰላም» ብሎ ባዶ ቦታ ይተዋል።

አሁን የሚያሳስበኝ የተቀባዮቹ አድራሻ ዝርዝር ነው። ከቴሌግራም፣ ከሠርግ ግሩፕ፣ ከሰው ቢዝነስ ካርድ አድራሻ እየለቀምሽ አትጨምሪ። ራሱ ጠይቆ የተመዘገበና የማረጋገጫ ሊንኩን የተጫነ ብቻ ይግባ። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። አሜሪካ ላሉት ደንበኞችሽ ደግሞ የ2003ቱ ሕጋቸው አሳሳች ርዕስ ይከለክላል፤ የሱቁ የፖስታ አድራሻ ከታች እንዲጻፍ (የተመዘገበ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይበቃል)፣ ልውጣ ያለውም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲወጣ ያዝዛል። አንቺ ግን በዚያው ቀን አውጪው።

ከራስሽ የጂሜይል አድራሻ መላክም አይሆንም። ነጻው ጂሜይል በቀን 500 ተቀባይ ላይ ይገታሻል፤ በስህተት አድራሻዎቹን ቢሲሲ (ተቀባዮቹ እርስ በርስ የማይተያዩበት መስመር) ሳይሆን ላይኛው መስመር ላይ ካስገባሽ ደግሞ የሁሉም አድራሻ ለሁሉም ይታያል። የሱቁን ዶሜይን (የዌብሳይቱን ስም የያዘውን አድራሻ) ተጠቀሚ፤ ዌብሳይቱን የሠራልሽ ልጅ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስቱን መዝገቦች ዲኤንኤሱ (የዶሜይኑ መረጃ የሚቀመጥበት) ላይ ያስገባልሽ። ኢሜይሉ በእውነት ከአንቺ መምጣቱን የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ብዙ ለሚልኩ ግዴታ አድርገዋቸዋል፤ ስፓም ብሎ የሚከስሽም ከ1,000 ሰው 3 መድረስ የለበትም። ዶሜይኑ አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ ቀን ለ50 ሰው፣ ቀጥሎ ለ100፣ እንዲህ እያልሽ ከፍ አድርጊ፤ ከዕቃሽ ገዝተው ከሚያውቁት ጀምሪ።

ዝርዝሩን ቢያንስ ለሁለት ክፈዪው፤ አገር ውስጥና ውጭ። አዲስ አበባ ያለው በብር አይቶ በቴሌብር ይከፍላል፤ ዋሽንግተን ያለው ያንን ማድረግ ስለማይችል በዶላርና በካርድ ይየው። ውጭ ካለው አንዳንዱ ለአገር ቤት እናቱ ነው የሚገዛው፤ «ተቀባዩ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው» የሚል ምርጫ ክፈቺለት። ለእሱ የማዘዣው ቀንም ይረዝምለታል። አገር ውስጥ ያሉት በአብዛኛው ቴሌግራም ላይ ስለሚያገኙሽ ኢሜይሉ ላይ የምትደክሚው ለውጮቹ ይሁን።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቂ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለጠዋት 3 ሰዓት 3:00 ብለሽ ከሞላሽ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይልክልሻል፤ 9:00 ነው የሚሞላው። ዋሽንግተን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲደርስ በአሁኑ ወቅት ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላኪ። ቀኑን ውጭ ላሉት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊላቸው፤ ነሐሴ 20 ለእነሱ ኦገስት 26 ነው።

የመጨረሻውን የማዘዣ ቀን ከመስከረም 1 ወደ ኋላ ቆጥረሽ አውጪው፦ የመላኪያው ቀናት፣ አንቺ የምታሽጊበት፣ ዕቃው ከዚህ አዲስ አበባ የሚደርስበት፣ በላዩ ላይ ሦስት ቀን መጠባበቂያ። የመጀመሪያውን ነሐሴ 1፣ ሁለተኛውን ነሐሴ 12 ላኪ፤ ነሐሴ 18 ላይ ቁልፉን ተጭነው ላልገዙት ብቻ። የገዛውን ሰው ከማስታወሻው አስወጪው። ትናንት ከፍሎ ዛሬ «አሁኑኑ ይዘዙ» ሲባል ክፍያዬ አልደረሰም ወይ ብሎ ይደነግጣል።

ስንት ሰው ከፈተው በሚለው ቁጥር ብዙ አትተማመኚ፤ አፕል ከ2021 (በፈረንጅ) ጀምሮ በስልኮቹ ኢሜይል ላይ ሰው ሳያነበውም ፎቶውን ቀድሞ ስለሚጭን ቁጥሩ ይጋነናል። የተጫነውን፣ የታዘዘውንና የመለሰልሽን ቁጠሪ። ሁለት ርዕስ እያወዳደሩ መሞከርም 300 ሰው ላይ የሚያሳየው ልዩነት አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ጊዜሽን አታጥፊ።

ከመላክሽ በፊት ለራስሽ ላኪና በርካሽ ስልክ፣ ፎቶ አጥፍተሽ ክፈቺው፤ እያንዳንዱን ሊንክ ተጫኚ፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው። የጋቢዎቹን ርዝመት፣ ስፋትና ክብደት ሸማኔዎቹ ዘንድ ሄጄ አንድ በአንድ ለክቼ እስከ ዓርብ እልክልሻለሁ። የተስተካከለውን ረቂቅ ከዚያ በኋላ አሳዪኝ።

እናትሽ