እማዬ «ቻርጀር» የምትለው ነገር

ሰሌ፣

መጀመሪያ ስድብህን ጨርስ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ፣ ሠርግህ ላይ እንኳ ሳልገኝ፣ ሲቸግረኝ ብቅ አልኩ። ያው እኔው ነኝ። የሠርጉን በአካል እክሳለሁ።

ያኔ ላብራቶሪ ውስጥ ያሳየኸን፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹ የዲና ካታቢና የፋዴል አዲብ ሥራ ትዝ ይልሃል? በፈረንጆቹ 2013 ከግድግዳ ጀርባ የሚንቀሳቀስ ሰው በዋይፋይ ሞገድ ያወቁበት። «ቀልድ ነው» ብዬህ ነበር። እሺ፣ ተረታሁ።

እማዬ ክረምት ላይ መታጠቢያ ቤት ወደቀች። ቆዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ብቻዋን። ካሜራ ልግጠምልሽ ብላት «ልብሴን ስቀይር ልታየኝ ነው?» አለች። እኔም ኢኤስፒ32 የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የዋይፋይ ቦርዶች ገዝቼ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት ሰካሁ። ምንድን ነው ስትለኝ «የዋይፋዩ ነገር ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። እሷ ቻርጀር ነው የምትለው፣ ዳንቴል አልብሳዋለች።

ደግሞ ይሠራል! የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ እሷ ስትተነፍስ ደረቷ ከፍ የሚለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ግን ያቺው ሲግናሉን ትነካካውና ስልኬ ላይ መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል። መገናኛ ቁጭ ብዬ የእናቴን ትንፋሽ አያለሁ ስልህ።

ማክሰኞ ሌሊት መስመሩ ቀጥ አለ። መብራት ቢጠፋ ጭራሽ ይቋረጥ ነበር። ደወልኩ፣ አታነሳም። በኮንትራት ታክሲ፣ በነጠላ ጫማ በረርኩ። በሩን ስደበድብ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከፈተች። ለካ ውሃ መጥቶ ኖሮ ሦስት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሞልታ ቦርዱ ፊት ደርድራለች። ውሃው ሞገዱን ውጦታል።

«ምን ሆነህ ነው በዚህ ሌሊት?»

«ናፍቀሽኝ።»

አለቀሰች። መረቀችኝ። ምርቃቱን አሜን እያልኩ የምገባበት ጠፋኝ።

ሌላም አለ... እንዴት ልበልህ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታ ብዙ ትንጎራደዳለች። ስጠይቃት «እንቅልፌ ደህና ነው» ትላለች። አይ፣ አይቼሻለሁ እንዳልላት ነገር!

እሁድ ና። አንተን ትሰማሃለች። ስነግራት አጠገቤ ቁጭ በል፣ ሌላ ምንም አልልህም። የቦርዱንም ቦታ ታይልኛለህ። ሊፍት የለም፣ ውሃውም ሰሞኑን እላይ አይደርስም፣ ስለዚህ ጀሪካን ይዘህ መውጣትህ አይቀርም።