ለእናትሽ ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት

እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ?

ዝም ከተባባልን ቆየን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መቁጠሩን እንተወው። ዛሬ የጻፍኩልሽ የእናትሽን መታመም ስለሰማሁ ነው። እግዜር ይማርልሽ። ካንሰር ነው፣ ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ሊጀምሩ ነው አሉኝ። እሳቸው ደግሞ ሰባ አምስትን አልፈዋል።

ወዲያው ትዝ ያሉኝ አባባ ናቸው። እሳቸውን ሳስታምም አንቺ ሩቅ ነበርሽ፣ እኔም ለሰው የማወራበት አቅም አልነበረኝም። አሁን ላውራሽ። ማጽናኛውን ሌሎች ይጽፉልሻል። እኔ የምጽፍልሽ ሆስፒታል ስትገቢ ምን እንደምትጠይቂ ነው። ከአባባ ሕመም የተረፈኝ እውቀት ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ምን ጥሩ ቢሆን፣ የታማሚውን አቅም ሳያይ የሚታዘዝ ከሆነ ሽማግሌን ይጎዳል።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሐኪሙ ፊልሙን አየና ወደ እኔ ዞረ። «ይበላሉ? ይራመዳሉ?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰማሉ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሙና «አንቺ ያመጣሽኝ ዕቃ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ሁለተኛው ሆስፒታል ሌላ ነበር። ሲስተሯ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ጆሯቸው እንደሚከብድ ስታውቅ አልጮኸችም፤ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችና ዝግ ብላ ማውራት ጀመረች። «ከወንበሩ ይነሱ፣ እስከዚያች መስመር ሄደው ተመልሰው ይቀመጡ» አለቻቸውና ሰዓቷን ያዘች። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። በቅርቡ ወድቀዋል? ክብደት ቀንሰዋል? መድኃኒቱን ማን ያስታውስዎታል? ብቻዎን ይታጠባሉ? ሦስት ቃል ነግራቸው ቆይታ መልሳ ጠየቀቻቸው። ሁለቱን አስታወሱ፣ ሦስተኛውን «አንቺ ሳትነግሪኝ ቀርተሽ ነው» አሏት። ሳቀች፣ ግን ጻፈችው።

በመጨረሻ «ኪኒኖቹን በሙሉ አምጡልኝ» አለች። በፌስታል ይዘናቸው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አንድ በአንድ አየቻቸው። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለጨጓራ፣ አንዱ ደግሞ ለእንቅልፍ። የእንቅልፉ ኪኒን በእሳቸው ዕድሜ ለመውደቅም ለመቃዠትም ይዳርጋል ብላ ለሐኪሙ ነገረችው። ኬሞው ሳይጀመር ቀስ በቀስ እንዲቀንሱት ተደረገ።

ነገሩ የሲስተሯ ደግነት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ስም ያለው ሥራ ነው፤ የአረጋውያን ምዘና ይሉታል። በ2021 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ካንሰሩ ከማይድንበት ደረጃ የደረሰባቸው 718 ሰዎች ገብተውበታል። ለግማሾቹ ሐኪሞች የምዘናው ውጤት ከምክር ጋር ተሰጣቸው፣ ለሌሎቹ አልተሰጠም። ምዘናው ባልደረሳቸው ወገን ከ100 ታካሚዎች 71ዱ ከባድ የመድኃኒት ጉዳት ደረሰባቸው። በደረሳቸው ወገን ግን 51። በዚህ ወገን ያሉት ሐኪሞች ከሌሎቹ ይልቅ በዝቅተኛ ዶዝ፣ ማለትም በአነስተኛ የመድኃኒት መጠን፣ መጀመርን ያዘወትሩ ነበር። «ዶዝ ከተቀነሰ ዕድሜም ያጥራል» ብለን እንፈራለን አይደል? በመጀመሪያው ዓመት በሁለቱ ወገን በሕይወት በመቆየት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ሙሉውን ምዘና ለመሥራት ጊዜ የለም ቢሉሽ፣ ጂ8 የሚባል ስምንት ጥያቄ ብቻ ያለው አጭር መለያ አለ። ከ17 ነጥብ 14 ወይም ከዚያ በታች ያመጣ ሰው ሙሉው ምዘና ያስፈልገዋል። ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ። ሐኪም አይቀየምም፤ ከተቀየመም ይቀየም።

ስለ ኩላሊትም ጠይቂልኝ። የሽማግሌ ጡንቻ ስለሚሳሳ፣ ከጡንቻ የሚመነጨውን ክሬቲኒን የሚለካው የደም ምርመራ «ኖርማል» እየተባለ ኩላሊቱ ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል። «የኩላሊታቸው አቅም በዕድሜና በክብደት ተሰልቷል ወይ?» በያቸው። የአንዳንዱ ኬሞ ዶዝ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ትኩሳት 38 ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ውሰጃቸው። እስኪነጋ ልጠብቅ እንዳትዪ። ትልቅ ሰው ግን ኢንፌክሽን ይዞትም ላያተኩስ ይችላል። ድንገት መብላት ካቆሙ፣ ንግግራቸው ከተደናገረ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃታቸው ቴርሞሜትሩን ብቻ አምነሽ አትቀመጪ።

አንድ ሌሊት ልንገርሽ። አባባ ተኝተው ሲታከሙ ድንገት ተለወጡ። ግድግዳው ላይ ሰው አለ ይላሉ፣ ጉሉኮሱን ሊነቅሉ ይታገላሉ። አጠገባችን ያለ አስታማሚ «በቃ ጃጁ» አለኝ። ተረኛዋ ነርስ ግን መጥታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «መነጽራቸውስ? የመስሚያ መሣሪያቸውስ?» ብላ ነው። ሁለቱም መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። አደረግንላቸው። መብራቱን ቀነሰች፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻቸው፣ ሽንታቸው ታግዶ እንደሆነም አየች። ለሐኪሙም ደወለች። በማግስቱ ከአልጋ አውርደን አራመድናቸው። ቀን በቀን ወደ ራሳቸው ተመለሱ።

ዴሊሪየም ይሉታል፤ ከመጃጀት የሚለየው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት መምጣቱ ነው። የሚያሳስበው ዝም ብሎ የሚያስተኛው ዓይነት ነው። ሰውዬው ስለማይጮህ «ዛሬስ ተረጋጉ» ተብሎ ይታለፋል። እንደ መነጽር፣ እንቅልፍ፣ ውኃ፣ እርምጃ ባሉ ቀላል ነገሮች እንደሚቀንስ በ1999 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ በተለመደው እንክብካቤ ከ100 ሰው 15ቱን ሲይዝ፣ እነዚህ በተደረጉላቸው ዘንድ ወደ 10 ወርዷል። ምንም ውድ መሣሪያ የለበትም። ለዚህ ነው ታማሚ ለማየት በቡድን የሚዞሩት (ራውንድ የሚወጡት) ሐኪሞች ብዛት የማያስደንቀኝ፤ ሌሊት ማን ተረኛ እንደሆነ ነው የማየው።

የማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም ሕመምንና ጭንቀትን የሚያቀልል እንክብካቤ፣ ያሉሽ ቀን እንዳትደነግጪ። «ተስፋ ቆርጠው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በ2010 የወጣ ጥናት፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ከዋናው ሕክምና ጋር ማስታገሻውን ሲያገኙ ኑሯቸው እንደተሻለ፣ ድብርታቸውም እንደቀነሰ አሳይቷል። እንዲያውም ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ በሕይወት ቆይተዋል። አባባን «ያምዎታል?» ስትያቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነበር። ሲገላበጡ ፊታቸውን አይተሽ ነው የምታውቂው። እናትሽም ከዚያው ትውልድ ናቸው፤ ዝምታቸውን እንደ ጤና አትቁጠሪው። ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ከታዘዘ ሆድ ስለሚያደርቅ፣ የሆድ ድርቀት መድኃኒትም አብረው እንዲያዙላቸው አሳስቢ።

ሌላው፣ «ለእሷ እንዳትነግሯት» የሚል ዘመድ ይመጣል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ብቻ መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቂያቸው፤ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ሁሉንም ልስማ ካሉ ይስሙ፤ ለልጆቼ ንገሩ ካሉም ምርጫቸው ነው። ሰውነቱም ዕድሜውም የእሳቸው ነው።

አባትሽስ? ሌሊቱን የሚያድሩት እሳቸው ናቸው አሉኝ። እሳቸውም እኮ አረጋዊ ናቸው። በ1999 የወጣ አንድ ጥናት የትዳር ጓደኞቻቸውን የሚያስታምሙ ሽማግሌዎችን ለአራት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ማስታመሙ የከበዳቸው፣ ከማያስታምሙት እኩዮቻቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተረኛ አውጡላቸው። እንቢ ይላሉ፤ አትስሟቸው። ጥሩ ሆስፒታል አስታማሚውንም «እርስዎስ ተኝተዋል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔን የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው።

በይ፣ አበዛሁብሽ። አሁን እንዲህ አድርጊ። እናትሽ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ ሰው የሰጣቸውንም ቅጠላ ቅጠል ሳይቀር፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ዝርዝሩን እኔ በንጹሕ ወረቀት ጽፌ አዘጋጅልሻለሁ። የቀጠሮውን ቀንም ጻፊልኝ። እመጣለሁ። አንቺ ከሐኪሙ ጋር ስታወሪ መልሱን እኔ እጽፋለሁ። እናትሽን ግን በሁለታችን መሀል ነው የምናስቀምጣቸው፣ ወሬው በእሳቸው በኩል እንዲያልፍ።

ያንቺው