ለቅዳሜ ኪቦርድ ይዛችሁ ኑ

ሰላም ጓደኞች፣

ቅዳሜ ከሰዓት በ8 ሰዓት እንደተለመደው አራት ኪሎ እንገናኝ። ባለፈው ኪቦርዱ ላይ ማኪያቶ የደፋሁት እኔ ነኝ። ስፔሱ እስካሁን ይጣበቃል፤ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የምንጫወተው የጃፓኑ ኩባንያ ሴጋ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዘ ታይፒንግ ኦፍ ዘ ዴድ» የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ዞምቢው ሲመጣ ጥይት የለም፤ ፊቱ ላይ የሚወጣውን ቃል ቶሎ መጻፍ ብቻ ነው። ጣቱን ለማየት ያጎነበሰ ተበላ!

ቀጥሎ የአማርኛው ዙር። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፤ በላቲን ቁልፎች ስንጽፋት ግን አምስት ጊዜ እንነካለን። «ጨዋታ» ላይ ደግሞ ሺፍት ይጨመራል። ስለዚህ ፍጥነት የምንቆጥረው በቃል ሳይሆን በንክኪ ነው። ባለፈው የተጨቃጨቅነው ይበቃል፤ ማኪያቶ ግን ከጠረጴዛው ይራቅ።