ለዘብ አለ፣ ፍንክች አላለም፣ ተወ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ እንደምን አለሽልኝ?

የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የሚያደርጉትን የኅብረት ስምምነት ድርድር ቃለ ጉባኤ እንድትይዢ መመደብሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። እዚያ «ለዘብ አለ» የሚለው ቃል በየገጹ ይገባል፤ እሱ ላይ ተጠንቀቂልኝ።

«ለዘበ» እና «ለዘብ አለ» አንድ አይደሉም። ቀረበና ቀረብ አለ፣ ላላና ላላ አለ እንደሚለያዩት ነው፤ «አለ» ሲከተለው ነገሩ በመጠኑ ይሆናል። በሩ ገርበብ አለ እንጂ አልተከፈተም። «ከ5 በመቶ ጭማሪ አናልፍም» ሲል የቆየ አሠሪ «ከ5 በላይም ልናየው እንችላለን» ቢል፣ ለዘብ አለ። «8 በመቶ እንሰጣለን» ካለ ግን ቁጥሩን ጻፊው። 8ቱን ትተሽ «ለዘብ አሉ» ብቻ ካልሽ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ «መቼ 8 አልን?» መባሉ አይቀርም።

«ፍንክች» ጠባዩ ሌላ ነው። ከቦታ ትንሽ መነቃነቅ ማለት ቢሆንም ያለ አሉታ እምብዛም አይነገርም፦ «ከ5 በመቶ ፍንክች አንልም»። «ፍንክች አሉ» ብትዪ ጆሮ ይጎረብጣል። ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው ጽናት ነው፤ «ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ!» ብሎ ይኮራበታል። ስለ ሌላው ሲባል ግን ግትር ብሎ መክሰስ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተደራዳሪዎች በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ስለሚያዝ፣ ጉዳዩ ወደ ክርክር ከሄደ ያንቺ «ፍንክች አላሉም» ማስረጃ ተደርጎ ሊጠቀስ ይችላል። ራሳቸው ካሉት በጥቅስ ምልክት አስገቢው፤ ካላሉት «በ5 በመቶ አቋማቸው ጸኑ» ይበቃል። «እጅ ሰጡ» የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ ጭራሽ አታስገቢው።

ከሁሉ የሚከብደው አጭሩ ቃል ነው፦ «ተወ»። ማኅበሩ የትራንስፖርት አበል ጥያቄውን «ተወ» ብለሽ ከጻፍሽ ጥያቄው አበቃ፤ «ለጊዜው አቆየ» ካልሽ ግን ገና አለ። ተናጋሪው «እሱ ይቅር» ብሎ ሲያልፍ የትኛውን እንዳሰበ አይታወቅም። እዚያው እጅሽን አውጥተሽ «ትታችሁታል ወይስ አቆያችሁት?» ብለሽ ጠይቂ። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊትም ያንን መስመር ለሁለቱም ወገን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

እናትሽ