በጉ ሲረክስ ስሙን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላም። የምጽፈው ከወሎ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም የእኛ ሰው በረሃብ አልቆ ነበር። በ1976 ኮሚሽኑ ድርቁ እንደሚከፋ ቀድሞ አስጠነቀቀ። ዓለም የሰማው ግን በ1977 ጥቅምት፣ ኮረም በተራበ ሰው ከሞላች በኋላ ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ሥራው የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ነው። ኮምቦልቻም የእህል መጋዘን አለ። ታዲያ እህሉ መቼ ይውጣ? በደላንታና በመቄት ደጋ በልጉ መቅረቱ መጋቢት ላይ ይታወቃል። ገበያ ላይ በጉ ይረክሳል፣ እህሉ ይወደዳል። ከዚያ ገበሬው የእርሻ በሬውን ይሸጣል። በሬው ከተሸጠ ክረምቱ ጥሩ ቢዘንብ እንኳ በምን ያርሳል? እባካችሁ፣ እርዳታው ከበሬው በፊት ይድረስ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ