ከፍ ያለ ዲስከቨሪ ላላችሁ ደንበኞቻችን፦ ስለ ኋላው ሻፍት ላስቲክ

ውድ ደንበኞቻችን ሰላም ናችሁ? ይሄን የምንጽፈው ላንድሮቨር ዲስከቨሪ 1 ወይም 2 ላላችሁ ነው፣ በተለይ ሞላውን በረጅም አስቀይራችሁ መኪናውን ከፍ ላስደረጋችሁ። ሌሎቻችሁ ብታልፉት ቅር አይለንም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ኃይል ይዞ ወደ ኋላ የሚሄደው ሻፍት (ከስር የሚዞረው ረጅም ዘንግ) ዲፈረንሻሉ ጋ፣ ማለትም ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ጋ፣ ሲደርስ ክሮቼራ (መስቀል መሳይ የብረት መጋጠሚያ) ሳይሆን ወፍራም ክብ ላስቲክ ነው ያለው፣ ሶስት ብሎን ከሻፍቱ ሶስት ብሎን ከዲፈረንሻሉ በኩል ይይዘዋል። ላዳ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ እሱም ካምቢዮው ጋ ወንድሙ አለው። ማርሽ ስታስገቡ የሚመጣውን ምት ይውጠዋል፣ መኪናው ለስላሳ ይሆናል፣ በዚህ አናማውም። ግን የተሰራው ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሻፍት ነው፣ ብዙ መታጠፍ አይችልም። መኪናው 5 ሴንቲ ከፍ ሲል ሻፍቱ ይዘቀዝቅና ላስቲኩ በያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል ይመለሳል ይታጠፋል ይመለሳል፣ በ100 ፍጥነት ደግሞ ሻፍቱ በደቂቃ ወደ 2,500 ጊዜ ነው የሚዞረው፣ እስቲ አስቡት። ይሞቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዛ ውስጡ ያለው ክር መውጣት ይጀምራል።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኛም ነው። ላስቲኩ አልቋል ሲባል ላስቲክ ቀይረን እንሸኝ ነበር፣ ለምን ቶሎ አለቀ ብለን ሳንጠይቅ። አንዱ ደንበኛችን ከቀየርንለት አራት ወር ሳይሞላው ጣርማበርን ሲወርድ ተበጠሰበትና ሻፍቱ ወለሉን ሲደበድበው ቤተሰቡ በሙሉ በድንጋጤ ደርቆ ነው የደወለልን። ሻፍቱን አስፈትተን፣ በፊትና በኋላ ሻፍት መካከል ኃይል የሚያከፋፍለውን የመሀሉን ዲፈረንሻል ሎክ አስደርገን (አስቆልፈን)፣ በፊት ጎማ ብቻ ቀስ እያለ ደብረ ሲና ገባ። ይሄ እንግዲህ የሎክ ማርሽ ስላለው ነው፣ ዲስከቨሪ 2 ላይ ብዙዎቹ የላቸውም።

ሳንረሳው፣ ሰፈር ውስጥ ሻፍቱን የምታስፈቱ ካላችሁ እባካችሁ ተጠንቀቁ፣ የዚህ መኪና እጅ ፍሬን ጎማ ላይ አይደለም ያለው፣ የኋላ ሻፍቱ መነሻ ላይ ነው። ሻፍቱ ከወለቀ እጅ ፍሬን ሳባችሁ አልሳባችሁ መኪናው ይንሸራተታል። ጎማውን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ሳትደግፉ ስሩ እንዳትገቡ፣ እኛ ጋ አንድ ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ከፍ ባለ መኪና ላይ ላስቲክ አንገጥምም። ዲፈረንሻሉ ላይ ያለውን ባለ ሶስት ክንፍ ፍላንጅ (ሻፍቱ የሚታሰርበትን ብረት) በባለ አራት ብሎን ቀይረን ክሮቼራ ያለው ሻፍት እንገጥማለን፣ እዛው እያለን ኦይል ሲሉንም (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ቀለበት) እንቀይረዋለን ምክንያቱም ፍላንጁ ከወለቀ በኋላ አሮጌውን መመለስ ቂልነት ነው። ዋጋው ከላስቲኩ ይበልጣል፣ አንደብቃችሁም። ማርሽ ስታስገቡም ትንሽ ጓ ሊል ይችላል፣ ክሮቼራው ደግሞ በየሰርቪሱ ግሪስ ይፈልጋል። መኪናችሁ እንደ ፋብሪካው ከሆነ ግን ላስቲኩን አትንኩት፣ እሱ ይሻላችኋል፣ ሲያልቅ በጥሩ ላስቲክና በአዲስ ዳዶ እንቀይርላችኋለን። ብሎኑና ዳዶው ሲጠብቅ በላስቲኩ በኩል ያለው ጫፍ ሳይዞር ተይዞ በፍላንጁ በኩል ያለው ነው የሚዞረው፣ አለበለዚያ ላስቲኩ ገና ሳይሰራ ይጠማዘዛል፣ ብዙ ቦታ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው።

እስከዛው ራሳችሁ እዩት። መኪናው ቆሞ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ጎማው ተደግፎ፣ በስልክ መብራት ከኋላ ዲፈረንሻሉ ፊት ያለውን ላስቲክ ብሎኖቹ አካባቢ በካቻቢቴ ገፋ ገፋ አድርጉት፣ ስንጥቁ ከተከፈተ ወይ ክር ከታየ ወደ ክፍለ ሀገር እንዳትወጡበት፣ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን።

ስራው አንድ ቀን ይፈጃል፣ ጠዋት ካመጣችሁት ማታ ትወስዱታላችሁ። በዚህ ዓመት ከፍ ባለ መኪና ላይ እኛ ጋ ላስቲክ ያስቀየራችሁ ደግሞ የእጅ ዋጋ አትከፍሉም፣ የዕቃውን ብቻ ነው።